ቆቤን ያወለቅኩበት ሩጫ

ግንቦት 4

ጣሪያ ስከድን ዋልኩ። ሣሩ አምና የጓሳ ጥብቅ ሜዳ ለአጨዳ የተከፈተ ጊዜ ካጨድነው የተረፈ ነው። ይበቃል መሰለኝ... ካልበቃም የፍየሎቹን በኩል እተወዋለሁ፤ እነሱ አያሙኝም።

ከላይ ሆኜ እስከዳርን አየኋት። በጠራራ ፀሐይ የሱፍ ባናዋን ተከናንባ መንገዱ ላይ እየሮጠች ትመላለሳለች። የእህቴ የእታገኝ ልጅ ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። በቅርቡ ሮቢት ወርዳ ግማሽ ማራቶን ትሮጣለች። በዚህ ብርድ ያደገች ልጅ እዚያ ቆላ ስትገባ ምን ይውጣታል? ቆላውን እዚህ ማምጣት አይቻል። ስለዚህ በሱፍ ጠቀለልኳት። ማን አስተማረኝ? ማንም። ማንበብን ራሴ ተማርኩ፤ ሩጫን ከሬዲዮ።

ጎረቤቴ አባይነህ አህያውን አቁሞ ልጅቷን ወባ ያዛት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለም፣ እንቁላል ልታስፈለፍል ነው አልኩት። እየሳቀ ሄደ። እስኪመሽ አገሩ ሁሉ ይሰማል።

ግንቦት 8

እስከዳር ዛሬ አልተሸወደችም።

ባለፈው ሳምንት የውሃ ጄሪካን ከድንጋይ ኋላ ደብቄ፣ ስትደርስ "ነይ ጠጪ፣ ዛሬ ፈቅጃለሁ" አልኳት። እጇን ስትዘረጋ ጄሪካኑን ሳብ አድርጌ አንድ ዙር ጨመርኩባት። በማግስቱም እንደዚያው። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ዛሬ ግን ስጠራት ዞር ብላም አላየች፤ ምላሷን አውጥታብኝ አለፈች። አሁን ሯጭ ሆነች።

ሕጉ አንድ ነው፤ ላብሽ ሳይደርቅ ውሃ አይንካሽ። አባቷ ገብረ አማኑኤል ከጓሳ እንጨት ተሸክሞ ሲወርድ፣ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ጎንበስ ብሎ ከምንጩ ጠጣ። ያ ነፋስ... ሳምንት አልቆየም። የሳንባ ምች ነው አሉ። ልጅቷ ያኔ ትንሽ ነበረች፤ ግን ታስታውሳለች። ሌላውን ምክሬን ሁሉ ብትረሳ ይህን አትረሳም።

ግንቦት 11

እታገኝ ጠርታ አስቀመጠችኝ። የራቤል ሰዎች ለልጃቸው እስከዳርን ሊጠይቁ እንደገና ሽማግሌ ልከዋል። እስካሁን ልጅቷ ትማራለች እያለች ስትመልሳቸው ነበር። አሁን ትምህርቱም አለቀ።

ከሮቢቱ ውድድር አንድ የደብረ ብርሃን ክለብ አምስት ሴቶች ይወስዳል። እህቴ እንዲህ አለች፦ "ከአምስቱ አንዷ ከሆነች ትሂድ። ካልሆነች ለሽማግሌዎቹ እሺ እላለሁ። አንተም ያኔ አፍህን ትይዛለህ።"

ስድስተኛ ከወጣች አምስተኛዋን እኛ እንዳራታለን አልኳት። አልሳቀችም።

እስከዳር ደጃፍ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። እሷም አልሳቀችም።

ግንቦት 13

ዝናብ። አልሮጠችም። እኔም ማንንም ሳልተርብ ዋልኩ... ምን ነካኝ?

ግንቦት 16

ሮቢት ነን። ጣርማ በርን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ መስኮቱን ከፈትኩ፤ የባሰ ሙቀት ገባ። ነፋሱም ይሞቃል እንዴ?

ያረፍነው ከከድር ቤት ነው። መሐል ሜዳ እየወጣ በግ የሚገዛኝ ነጋዴ ነው። ባለቤቱ ሀስና ቁም ነገረኛ ሴት ናት፤ ስቀልድ አንዴ አይታኝ ሥራዋን ትቀጥላለች። የሱፍ ቆቤን አይታ፣ ጋሼ ወዳጆ ኧረ ያውልቁት፣ ራስዎ ይበስላል አለችኝ።

እስከዳር ቀደም ብላ መለሰችላት፦ "የጋሼ ቆብ አይወልቅም እትዬ ሀስና። ለታቦትና ለአባዬ ቀብር ብቻ ነው ያወለቁት።"

እውነቷን ነው። ራሰ በራ መሆኔን የሚያውቁት ታቦቱና ሙታን ናቸው አልኩ። ልጅቷ ሳቀች።

ግንቦት 17፣ ማለዳ

ዛሬ ነው። ፀሐይዋ ገና ሳትወጣ ሞቀ... አምላኬ፣ አምስተኛም ይበቃናል።

ግንቦት 18

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

ሩጫው በማለዳ ይጀመራል ተብሎ ነበር። የክብር እንግዳው ዘገዩ። ልጆቹ መነሻው ላይ ቆመው ፀሐይዋ አናታቸው ላይ ወጣች። ንግግርም ተደረገ። አስፋልቱ እየለሰለሰ ስለ ስፖርት ጥቅም ሰማን።

ዙሩ ሦስት ነው። የውሃ ጠረጴዛ ሁለት ቦታ አለ፤ አንዱ መነሻው ጋ፣ ሌላው ከከተማው ማዶ። እኔና ሀስና ከመነሻው ጠረጴዛ አጠገብ ቆምን።

በመጀመሪያው ዙር እስከዳር ከፊተኞቹ ጋር መጣች። ሌሎቹ ኩባያ እየነጠቁ አለፉ። እሷ ወደ ጠረጴዛው እንኳ አላየችም። ደረቴ ተነፋ። ልጄን አየሻት አልኩ ለሀስና።

"ለምንድነው የማትጠጣው?" አለች።

ላቧ ሲደርቅ ትጠጣለች አልኩ፤ ሕጉን አስረዳኋት፣ የአባቷንም ነገር ነገርኳት። ሀስና እስክጨርስ ሰማችኝ።

"ጋሼ ወዳጆ፣ ያ የናንተ ነፋስ ነው። እዚህ ነፋስ የታለ? እዚህ ላቡ የደረቀ ሰው ይወድቃል። አምና የኛ ጫኝ እንዲህ ነው የወደቀው። አልተነሣም።"

ራሴ ነኝ ያስተማርኳት። ለብርድ አገር የወጣውን ሕግ ይዤ ቆላ አወረድኳት።

በሁለተኛው ዙር ከሩቅ ሳያት ጀምሮ ጮኽኩ። ጠጪ፣ ልጄ ጠጪ፣ ዛሬ ይቻላል እያልኩ። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ሳቀች።

"ዛሬስ አይሸውዱኝም ጋሼ" ብላ አለፈች።

ስታልፍ ፊቷን አየሁት። ላብ የለበትም። ደርቋል። በሕጌ እንኳ ቢሆን አሁን መጠጣት ነበረባት... እሷ ግን ከሕጉ ይልቅ ተንኮሌን ነው ያስታወሰችው።

ሀስና እጄን ይዛ በአቋራጭ በጓሮዎቹ በኩል ወደ ማዶው ጠረጴዛ ወሰደችኝ። እየሮጥኩ አስባለሁ፤ ምን ልበላት? ብጮህ ቀልድ ነው። ብለምን ቀልድ ነው። ባለቅስ? አንድ ጊዜ እያለቀስኩ አታልያታለሁ። የቀረኝ እውነተኛ ነገር ምን አለ?

መጣች። እግሯ መስመር ስቷል፤ ወደ ግራ ታጋድላለች። አምስተኛ ናት። ከጠረጴዛው ጎን ቆሜ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ቆቤን አወለቅኩ። እንደ ቀብሩ ዕለት ደረቴ ላይ ያዝኩት። ፀሐይዋ መላጣዬን እንደ ምጣድ አጋለችው።

አየችኝ። ሳቋ ጠፋ። ቆመች።

አንድ ኩባያ ጠጣች። ሌላ ጠጣች። ሦስተኛውን በአናቷ ላይ ደፋችው። በዚያች መሐል ሦስት ልጆች አለፏት። ስምንተኛ። የራቤል ሽማግሌዎች በዓይኔ መጡብኝ፤ ይምጡ አልኩ። ብቻ ቆማ ትሂድ።

ሄደች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየሁት መጨረሻው መስመር ላይ ነው። ከፊት ከነበሩት አንዷ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ ቀርታለች፤ አንዷ በእግሯ ትራመድ ነበር አሉ። ሌላዋን እስከዳር ራሷ ነው የደረሰችባት፤ አፍንጫዬ ሥር። ባናው ሠርቷል ማለት ነው? ወይስ ውሃው? አላውቅም።

አምስተኛ።

ማንጎ ሥር አስተኛናት። ሀስና በእርጥብ ጨርቅ አንገቷን ትጠርጋለች። እስከዳር ዓይኗን ገለጥ አድርጋ መጀመሪያ ያለችው፦ "ጋሼ... ማን ሞተ?"

"ማንም" አልኳት። "ገና ማንም።"

ቆቤ አሁንም እጄ ላይ ነበር።

ግንቦት 20

ቤት ገባን። እህቴ ልጇን አቅፋ ብዙ ቆየች። ለራቤሎቹ መልስ ልካለች። ስለ ውሃው ራሴ ነገርኳት፤ ከሌላ ከምትሰማው ብዬ። ማታ እራት ስታቀርብልኝ ውሃውን አስቀድማ አመጣች፤ "ላብህ ደርቋል?" አለችኝ። ታዲያ እሷም ተረቡን ትችልበታለች።

ከእስከዳር ጋር ውል አደረግን። ቆቤ ራሴ ላይ ካለ፣ የምናገረውን እንዳሻት ትመዝነው። ቆቤን ካወለቅኩ እውነት ነው፤ ሳትጠይቅ ታምናለች። ከልብሽ ነው ወይ አልኳት። "ያውልቁና ይጠይቁኝ" አለች።

አወለቅኩ። ጠየቅኩ።

ሰኔ 8

መሐል ሜዳ መናኸሪያ ወርጄ ሸኘኋት። ጭጋግ ነበር፤ ሚኒባሱ መብራቱን አብርቶ ቆሟል። እናቷ ባናውን ካልወሰድሽ ብላ አስጨንቃት በግድ ጠቅልላላታለች። እኔ ውሃ ይዤላት ነበር፤ በዚያች የድሮ ጄሪካን። አይታ ሳቀች። ስዘረጋላት ፈራ ተባ አለች... ከዚያ ተቀበለችኝ።

ረዳቱ ሞላ እያለ በሩን ሲስብ በመስኮት ብቅ አለች።

"ጋሼ፣ እናፍቅዎታለሁ?"

"አንቺ?" አልኳት። "ተገላገልኩሽ። ዛሬ ሄጄ እስኪበቃኝ እተኛለሁ። ስምሽንም እረሳዋለሁ።"

ዓይኗን ወደ ራሴ አነሣች፤ ቆቤን አየችው። እስከ ጆሮዬ ድረስ ጥብቅ ብሎ ተደፍቷል።

ሚኒባሱ ሲነሣ ፊቷን በባናው ሸፈነች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም።