የጠማህ መስሎኝ

የኔው አስራት፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም፤ መልሱ አይደርሰኝም። ብትመልስም እንደ ልማድህ ተመስገን ብለህ ልታልፈኝ ነው። ከተለያየን ክረምቱ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሄዷል። ቦንጋ ላይ ክረምት ሄደ ሲባል መሄዱን የሚያረጋግጥ ሰው እንደሌለ አንተም ታውቃለህ። ዛሬ ጠዋት ጉሙ ከጫካው ወርዶ፣ አጥሩን አልፎ፣ በረንዳችን ላይ ተቀምጧል። እኔም ከጎኑ ቁጭ ብዬ እጽፍልሃለሁ። ቀና ስል የጓሮው ቡናዎች ይጠፉና ቆይተው ተመልሰው ይመጣሉ።

ለሞተ ሰው ደብዳቤ መጻፍ የእብደት መጀመሪያ ነው ትለኝ ይሆናል። ዕድሜዬን ሙሉ በግብርና ጽሕፈት ቤት የሌሎችን ደብዳቤ በታይፕ ስመታ ኖሬያለሁ፤ አንድ የራሴን በእጄ ብጽፍ ማን ይፈርድብኛል? ደግሞም የምነግርህ ነገር አለ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እዚያ ባለህበት የጠማህ መስሎኝ ነበር። በዚሁ ሐሳብ ልከተልህ ጥቂት ነበር የቀረኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። አስፋልቱ ደርሷል። ጎጀብን ተሻግሮ፣ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ወጥቶ ከተማችን ገባ። ሳላየው አልሞትም ትል ነበር፤ ዋሽተህ የማታውቅ ሰው በዚህ ብቻ ዋሸኸኝ። ቦኖው ላይ ጀሪካን ደርድሮ መሰለፍም ቀርቷል፤ ቧንቧው ግቢያችን ገብቷል። ሲመጣ ቡናማ ነው፣ ሲጠፋ አኩርፎ እንደሄደ ሰው ነው፤ ግን ገብቷል። ልጃችን መስከረም ጅማ ደህና ናት፤ እሑድ እሑድ ትደውላለች። አረንጓዴው የዝናብ ካፖርትህ አሁንም ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። የገባ ሰው ሁሉ አንተ የቆምክ እየመሰለው ክው ይላል። አውርጂው ይሉኛል። አላወርደውም።

ያቺ የኩላሊት ጠጠር ትዝ ትልሃለች? ሐኪሙ ፈሳሽ አብዝተህ ጠጣ ብሎ ከሰደደህ ቀን ጀምሮ ቤታችን ችሎት ሆነ። የትኛው መጠጥ ይቆጠራል፣ የትኛው አይቆጠርም። አንተ ውሃን ባዶውን መጠጣት ነውር ይመስልህ ነበር። ውሃ ለእግር መታጠቢያ ነው፤ መንገደኛ እንኳ ውሃ ቢለምን ሌላ ነገር ሳይጨምር የሚሰጥ ቤት ካፋ ውስጥ የለም ትል ነበር። ስለዚህ ቡናውን ቆጠርክ። ቡና ያደርቃል አልኩህ። ወተቱን ቆጠርክ። እሱ ምግብ ነው አልኩህ። የጎመኑን መረቅ ሳይቀር ቆጠርክ፤ በዚህ ሳቅሁብህ። በመጨረሻ ጠጅ ላይ ደረስክ። ጠጅ የሚጣለው በምንድን ነው፣ በውሃ አይደለም ወይ ብለህ ያዝከኝ። እንዲያማ ከሆነ አረቄም ይቆጠርልህ ስልህ ትንሽ አሰብክና፣ አረቄውን ለበዓል እንተወው አልክ። ውሃ የማያነሳ ክርክር ነበር። ግን እየሳቅሁ መከራከር ስለማልችልበት ሁልጊዜ ትረታኝ ነበር።

ያልተከራከርንበት ጨሞ ብቻ ነው። እኔ የጎጃሜው ጸሐፊ ልጅ፣ ሰው የቡናን ፍሬ ትቶ ቅጠሉን አፍልቶ ይጠጣል ሲሉኝ ድሮ ይገርመኝ ነበር። ካንተ ጋር ስጋባ እናትህ አስተማሩኝ። ቅጠሉን እሳት አስነክቶ መውቀጥ፣ ዝንጅብሉን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ጤና አዳሙን፣ ትንሽ ሚጥሚጣ መጨመር፤ ከዚያ ማፍላት ነው። ሙያው በአንድ ሳምንት ገባኝ። ያልገባኝ ሌላው ነበር። አንድ ቀን ማልጄ ብቻዬን አፈላሁና ጓዳ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ጠጣሁ። እናትህ ሲያዩኝ ሌባ የያዙ ያህል ቆሙ። አልተቆጡኝም። ሄደው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱና የጎረቤቱን ስም አንድ በአንድ ይጠሩ ጀመር። ሰዉ ገብቶ እስኪሞላ እኔ የቅል ሽክናዬን ይዤ የት ልግባ እያልኩ ነበር። ጨሞ ብቻውን የሚጠጣ የታመመ ሰው ወይም የተጣላ ሰው ነው፣ አንቺ የትኛው ነሽ አሉኝ።

እሳቸው ካለፉ ወዲህ ሥራውን ተካፈልነው። የማፈላው እኔ፣ የምትጣራው አንተ። ጠዋት ጠዋት ካፖርትህን ደርበህ አጥሩ ጋ ትቆምና ወደ ጉሙ ትጮሃለህ። እትዬ ወርቄ ከላይኛው ቤት፣ ጋሽ ጳውሎስ ከታች፣ ሌላውም በየአቅጣጫው እየተሳሳቀ ይመጣል። ጋሽ ጳውሎስ ጴንጤ ስለሆነ ጠላውም ጠጁም አይነካውም፤ በጨሞ ግን ሁላችንም አንድ ነበርን። ቀበሌው ጎረቤቱን አንድ ለአምስት ሲያደራጅ፣ እኛን ጨሞ ቀድሞ አደራጅቶናል ብለህ ሊቀመንበሩን ጭምር ያሳቅኸው ትዝ ይለኛል። ጠርዟ ተሰንጥቆ በክር የሰፋሃትን ሽክና ከማንም ጋር አትለውጣትም ነበር።

አንተ ቡና በሚለቀምበት ሰሞን፣ ቅርጫትህ እስከ ግማሽ እንደሞላ፣ ከቡናው ሥር አረፍ እንዳልክ ቀረህ። ከዚያ በኋላ የሚጣራ ጠፋ። እኔም የሚጣራ ከሌለ ለማን አፈላለሁ ብዬ ተውኩት። ጎረቤቱም ሐዘኔን ፈርቶ፣ ሳትጠራን እንዴት እንገባለን ብሎ በደጄ እያለፈ ይሄዳል። ማንም ጥፋት የለበትም። ጨሞውን ስተው ቡናውም ቀረ፤ ለአንድ ሰው ጀበና መጣዱ ሰለቸኝ። ወተት የምቀዳበትን ብርጭቆም አንስቼ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። መስከረም በስልክ ድምፅሽ እንደ ደረቅ ቅጠል ሆኗል ስትለኝ ኔትወርኩ ነው አልኳት።

ህልሙ የጀመረው በመጀመሪያው ክረምት ነው። ሁልጊዜ ጎህ ሲቀድ ነው የምትመጣው። ቤቱ የኛው ቤት ነው፤ ግድግዳ ግን የለውም፤ በግድግዳው ፋንታ ጉም ቆሟል። ቡናዎቹ ከጓሮ ገብተው በአልጋችን ዙሪያ በቅለዋል፤ ቅጠላቸው ይንጠባጠባል። ከሩቅ ውሃ ሲወርድ ይሰማል፤ በየት በኩል እንደሆነ አይታወቅም። አንተ ካፖርትህን ለብሰህ በቡናዎቹ መካከል ቀስ ብለህ ትመጣለህ፤ እርምጃህ ድምፅ የለውም። ያቺን ሽክና በሁለት እጅህ ይዘሃል። ፊቴ ትቆምና ወደ እኔ ትዘረጋታለህ። ጎንበስ ብዬ ውስጧን ሳላይ እነቃለሁ። አፌ ደርቆ፣ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ አገኘዋለሁ።

ለእትዬ ወርቄ ነገርኳት። ሟች ጽዋ ይዞ ከመጣ ጠምቶታል ማለት ነው፣ አጠጪለት አለችኝ። ጋሽ ጳውሎስ ሲሰማ፣ የሞተ ሰው አይጠማውም፣ ይልቅ ለራስሽ እወቂ አለኝ። አኮረፍኩት። አንተ በጠማህ እዚያ ቆመህ፣ እሱ እዚህ ይሰብክልኛል ብዬ።

ከዚያ ማጠጣት ጀመርኩ። ለማርያም ጽዋ ጠላ ጠመቅሁ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጡት ወተት ወሰድኩ። ቡና ለቃሚዎቹን ቡና አጠጣሁ። ከትምህርት ቤት የሚመለሱትን ልጆች ለስላሳ ጋበዝኩ፤ ለአስራት ነፍስ ብላችሁ ጠጡ ስላቸው እየተሳሳቁ ጠጡልህ። እኔ አልቀምስም። ያንተን ድርሻ የምሻማ ይመስለኝ ነበር። ማታ የትኛው ይሆን የሚቆጠርለት እያልኩ እተኛለሁ፤ ጎህ ሲቀድ አንተ ያችኑ ሽክና ይዘህ ትመጣለህ። በሐኪሙ ምክር ሰበብ ስንከራከርበት የኖርነው ነገር፣ አንተ ከሄድክ በኋላ ለእኔ ብቻ ተረፈኝ።

በመጨረሻ ጠጅ ነው የቀረው አልኩ። በሕይወትህ የተከራከርኩህበትን በሞትህ ልስጥህ ብዬ ማር ልገዛ ሺሺንዳ ገበያ ሄድኩ። ነጩን ማር፣ አንተ የምትወደውን። ገበያው ውስጥ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። ማሩን ቀምሼ መረጥኩ፣ አስመዘንኩ፣ ተሸክሜ ወደ መኪናው ስመለስ ሰዉ ሁሉ ከሩቅ እንደሚያወራ ሆነ። ከዚያ መሬቱ ቀስ ብሎ ወደ እኔ መጣ። ማሩን እንዳልለቀቅሁ ነው የነገሩኝ።

ስነቃ ጤና ጣቢያ ተኝቻለሁ፤ ግሉኮስ ተሰክቶልኛል። አንዲት ወጣት ሲስተር አጠገቤ ተቀምጣ ዛሬ ምን ጠጣሽ ብላ ጠየቀችኝ። ምንም። ትናንትስ? ለቅሶ ቤት ሁለት ጉንጭ ቡና። ከዚያ በፊትስ ስትለኝ ማስታወስ አቃተኝ፤ የሌሎቹን ግን በየተራው ነገርኳት፤ ማን ምን እንደጠጣ። አተኩራ ስታየኝ፣ ሴትዮዋ አእምሮዋ ተነክቷል እንዳትለኝ ብዬ ወሬ ለማስቀየር የኛን የድሮ ክርክር አነሳሁባት። ሳቀች። ቡናው ይቆጠራል አለች፤ ሻዩም፣ ወተቱም፣ መረቁም፣ ጨሞውም። የማይቆጠሩት ጠጅና አረቄ ናቸው፤ ከሚሰጡት የሚወስዱት ይበልጣል አለች። እንግዲህ ችሎቱ ተዘግቷል፤ በቡናው አንተ ረታህ፣ በጠጁ እኔ። ልትወጣ ስትል ግን በሩ ጋ ዞር ብላ ያለችው አልወጣልኝም፦

"እናቴ፣ ሌላው የጠጣው ላንቺ አይቆጠርም።"

ከሰዓት በኋላ ነበር። ግሉኮሱ ጠብ ጠብ ሲል እያየሁ ዓይኔ ተከደነ። የጠብታው ድምፅ የቡና ቅጠል ድምፅ ሆነ፤ ግድግዳው ጉም ሆነ። አንተም መጣህ። እንደ ልማድህ ፊቴ ቆምክ፣ ሽክናዋን ዘረጋህ። ያን ቀን አልነቃሁም። ጎንበስ አልኩ፤ አየሁ።

ሙሉ ነበረች፣ አስራት። እንፋሎቱ ፊቴን ነካኝ፤ ዝንጅብሉ ሸተተኝ። ያን ያህል ጠዋት ባዶ ይዘህ የምትለምነኝ ሲመስለኝ፣ አንተ ለካ ሞልተህ ይዘህልኝ ነበር የምትመጣው። የጠማህ አንተ አልነበርክም። እዚያው አልጋ ላይ አለቀስኩ፤ ሲስተርዋ እንባውም ከፈሳሹ ይቀነሳል ብላ ቀለደችብኝ።

ቤቴ በተመለስኩ ማግስት ማልጄ ተነሳሁ። ከጓሮው ቅጠል ቀጠፍኩ፤ ካንተ በኋላ ቡናዎቹን ስነካቸው የመጀመሪያዬ ነው፤ እጄን በጤዛ አራሱት። እሳት አስነክቼ ወቀጥኩ፣ አፈላሁ። ከዚያ ከባዱ ቀረ። ካፖርትህን ከበሩ ጀርባ አውርጄ ደረብኩት፤ ይኸው አወረድኩት። አጥሩ ጋ ሄጄ ቆምኩ። ጉሙ እንደዛሬው ነበር፤ የማንም ቤት አይታይም። አፌን ስከፍት ድምፄ አልወጣም፤ ጉሮሮዬን ጠረግሁና ደገምኩ። እትዬ ወርቄን ጠራሁ። ጋሽ ጳውሎስን ጠራሁ፣ ያኮረፍኩትን። የላዩንም የታቹንም ጠራሁ። አፌ እንደ ጀመረው አላቆም አለና በመጨረሻ አንተንም ጠራሁህ። ስምህ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ቆይቶ በሮች ሲከፈቱ ሰማሁ።

መጡ። ማንም ስምህን መጥራቴን አላነሳም። ጋሽ ጳውሎስ ብቻ ካፖርቱን አይቶ ዓይኑን ጠረገና፣ ጭሱ ነው አለ። ለሁሉም ቀዳሁ። ያንተን ሽክና ቀድቼ ባዶ ቦታህ ላይ አስቀመጥኳት። ሁሉም ሽክናዋን ያያታል፤ የሚነካት የለም። እትዬ ወርቄ ለነፍሱ ለደኻ ስጪው ልትለኝ አፏን ከፈተች። እኔ ግን አንስቼ ያዝኳት። የሰፋህበት ክር ከንፈሬን ነካኝ። እስከ መጨረሻው ጠጣሁት።

ማሩ እንደታሰረ ጓዳ ነው። መስከረም ስትመጣ በዳቦ እንበላዋለን፤ ጠጅህ አልተፈረደልህም። ጨሞው ግን በየጠዋቱ ይፈላል። እጣራለሁ፤ ድምፄም እየተመለሰ ነው። ከጠራኋቸው በኋላ አንተንም እጠራሃለሁ፤ ለመደብኝ፤ ሰዉም ለመደው። አንተ ከዚህ ወዲያ በጉም በዚያ ሁሉ መንገድ ተሸክመህ አትምጣ፤ አትድከም። ሽክናህ እዚህ እኔ ጋ ናት፤ እኔ እስክመጣ ድረስ ባዶዋን አታድርም። አፈሩ ይቅለልህ የኔ ጌታ፤ እኔ ስጠጣ አንተ ቁጠርልኝ፤ አንተን ሳስብ እኔ እጠጣለሁ።

ያንተው ዘነበች