ጋራዥ ውስጥ የቀረው ቋጠሮሽ

የሺዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር «ለጤናሽ እንደምን አለሽ» ይባላል። ላንቺ እንዲህ ብዬ ብጀምር እንደምትስቂብኝ ስለማውቅ ትቼዋለሁ። የእኔን ከጠየቅሽኝ ጉልበቴ እንደነበረ ነው፤ የግፊት መድኃኒቴንም አላቋርጥም። ከተለየሽኝ ባለፈው ሳምንት ዓመት ሞላ። ሙት ዓመትሽን አወጣን፤ ሁዳዴ ላይ ስለዋለ ሽሮውና ምስሩ የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ሞላው፤ አንቺን የማያውቅ ሰው ሳይቀር በልቶ ነፍስ ይማር ብሎ ሄደ። ትናንት ደግሞ ግሬፕቫይን ሐይቅ ወርጄ ነበር፤ የዓሣ ዘንግሽን ይዤ፣ ከማርታ ጋር። ይህን የምጽፍልሽ እዚያ የሆነውን ልነግርሽ ነው፤ ካንቺ ሌላ የሚገባው ሰው የለም።

ቤቱ ያው ነው ልልሽ አልችልም። ሺፍቴን ወደ ጠዋት ቀየሩልኝ። አሁንም ከኤርፖርት ወደ ኧርቪንግ ሆቴሎች እንግዳ ሳመላልስ እውላለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ቤት ስገባ ግን ምን እንደምሠራ ግራ ይገባኛል። በረዶ የደበደበው ጣሪያ ተጠገነ። አጥሩ ሥር የዘራሽው ጎመን ማንም ሳያየው በራሱ ጊዜ በቅሎ አበበ። እህትሽ ገነት በየእሑዱ ከፍሪስኮ ትመጣለች። ልብስሽን አጥባ፣ አጣጥፋ ለተቸገረ የሰጠችው እሷ ናት፤ እኔ አልችለውም ነበር። ልብሱ ሲያልቅ ጋራዡን ከፈተችና ዘንጎችሽን አየች። «ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ምን ታደርገዋለህ? ዶኔት እናድርገው በቃ፣ ቢያንስ መኪናህን ፓርክ ታደርግበታለህ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ግን «ቆይ እስቲ» አልኳት።

የመጀመሪያዋ ዘንግ እንዴት እንደመጣች ታስታውሻለሽ? ዕጣ መቼም ያንቺ ነገር ነው። ዲቪ ሁለታችንም ሞልተን የወጣው ባንቺ ስም ነው። ፋርመርስ ብራንች ያለው የምትሠሪበት መጋዘን ለሠራተኛው ፒክኒክ አድርጎ ዕጣ ያወጣ ጊዜም፣ እኔ ዓይኔን ለዕጣ የቀረበው ቴሌቪዥን ላይ ተክዬ ስጠብቅ አንቺ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ተሸክመሽ መጣሽ። በሽቄ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ብዬ ተረትኩብሽ። አንቺ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ሐይቅ ዳር ወስደሽ ገተርሽኝ። ዓሣው ምን እንደሚወድ አናውቅም። እኔ ጥሬ ሥጋ የሚጠላ ፍጡር የለም ብዬ ከሥጋ ቤት ቀይ ቀዩን አስቆርጬ መጥቻለሁ። መንጠቆው ላይ ሰካሽና ወረወርሽ። ብዙም ሳይቆይ ዘንጉ ጎበጠ፤ ጮህሽ፣ እኔም ጮህኩ፤ ጎትተሽ ስታወጪው ዘንዶው ቀርቶ አንድ የተቆጣ ኤሊ! እሱን ለማላቀቅ ያየነውን አበሳ እኛ ነን የምናውቀው። የተረፈውን ሥጋ ያችኑ ከመኪናሽ የማትጠፋ ሚጥሚጣ ነስንሰን እዚያው በላነው፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የጣፈጠኝ ሥጋ የለም።

ባስ የሚባለው ዓሣ ከሚቀርብለት ይልቅ የሚሸሸውን እንደሚወድ በኋላ ነው የደረሳችሁበት፤ አንቺና አብራሽ ዕቃ የምታሽገው ማርታ፣ በምሳ ሰዓት አንድ ስልክ ላይ አጎንብሳችሁ ቪዲዮ ስታዩ። ከዚያ በኋላ ቤታችን መንጠቆ ላይ በሚሰካ የላስቲክ ትል ተሞላ። አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ ወይን ጠጅ። ውሃው ሲጠራ አረንጓዴው፣ ሲደፈርስ ጥቁሩ፤ ቅዝቃዜ ሲሆን ቀስ፣ በጣም ቀስ አድርጎ መጎተት ነው ትይኝ ነበር፤ ሳልጠይቅሽ። ክር ስትገዢም መጀመሪያ ያነሳሽው በግ የሚታሰርበትን የመሰለ ወፍራም ነበር። ወፍራም አይበጠስም ብለሽ፤ እኔም ባለሙያ ሆኜ ደገፍኩሽ። ስንት ቅዳሜ ባዶ እጃችንን ተመለስን! ለካ በጠራ ውሃ ወፍራም ክር ዓሣው ያየዋል፤ ቀጭኑ ደግሞ ሣርና ጉቶ ውስጥ ሲገባ ይበጠሳል። ይህን ስታውቂ ሁለተኛ ዘንግ ያስፈልገኛል አልሽ፤ ከዚያ ሦስተኛ።

ዘንግ ስትመርጪ ጨርቅ የምትመርጪ ነበር የምትመስይው። ሱቁ ውስጥ ጫፉን ወለሉ ላይ ተጭነሽ ታጎብጪዋለሽ፣ ትለቂዋለሽ፣ እንደገና ታጎብጪዋለሽ፤ ለስለስ ያለው ለቀላሉ ትል፣ ደንደን ያለው ዓሣውን ከሣር ውስጥ ነቅሎ ለማውጣት። እኔ ጋሪ ይዤ ከኋላሽ እቆማለሁ። ሻጩ መጥቶ ለእኔ ሊያስረዳኝ ሲጀምር በዓይኔ ወዳንቺ እጠቁመዋለሁ። ደስ ይለኝ ነበር የሺዬ። ያኔ አልነገርኩሽም እንጂ በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

ያቺ ስትወረወር አውራ ጣት ካልተጫናት ክሯ ከልክ በላይ የሚተረተርባት ሪል፣ የክር መጠቅለያዋ፣ ስትገዛ ደግሞ ለእኔም ሥራ ተገኘልኝ። አንቺ ትወረውሪያለሽ፣ ጣትሽ ይዘገያል፣ ክሩ እላዩ ላይ ተተብትቦ ቁጭ ይላል፤ ያኔ «ታዴ፣ ፊክስ አድርግልኝ» ትይና ታቀብይኛለሽ። ወንበሬ ላይ ሆኜ አንዷን ክር ከአንዷ እየለየሁ እፈታለሁ። ከራሳችን በላይ አውሮፕላኖቹ ጎማቸውን ዘርግተው ይወርዳሉ። ይሄኛው ከየት ነው ትይኛለሽ፤ ኤርፖርት ስለምሠራ የማውቅ ይመስልሻል፤ እኔም ከለንደን ነው እልሻለሁ፤ ሁሉንም ከለንደን ነው እልሻለሁ። እንደዚያ እያልን ይመሻል።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ሁዳዴን ነው። ትልልቆቹ ባሶች እንቁላል ሊጥሉ ወደ ዳር የሚወጡት ሙቀቱ ሲጀምር ነው፤ እሱም ከጾማችን ጋር ይገጥማል። አንቺም ትይዣለሽ፣ ፎቶ ትነሻለሽ፣ ቀስ ብለሽ ውሃው ውስጥ ትመልሽዋለሽ። ፎቶሽን ያዩ የጽዋ ማኅበርሽ ሴቶች በሁዳዴ ዓሣ ብለው አዳራሹን አንድ አድርገውት ነበር። ግማሹ ዓሣ ይጾማል ሲል ግማሹ አይጾምም ሲል፣ አንቺ ጽዋሽን አስቀምጠሽ «እኔ እኮ ካች አድርጌ ሪሊዝ ነው የማደርገው፤ እሱም እኔም ጾማችንን ሳንፈታ ነው የምንለያየው» አልሽና ነገሩን ዘጋሽው። ከፋሲካ በኋላም አንዱን እንኳ አላስጠበስሽኝም። መልቀቁን ለመድኩት አልሽኝ። ይህን ቅሬታዬን እዚህ ደብዳቤ ላይ አስፍሬዋለሁ።

ባለፈው ዓመትም በጾሙ መካከል፣ ቅዳሜ ዕለት ሐይቅ ዳር ውለሽ መጣሽ፤ ዘንግሽን አረንጓዴው ትል እንደተሰካበት ግድግዳው ላይ ሰቀልሽ። ሰኞ ጠዋት ለሥራ ልትነሽ ስትይ ልብሽ ቆመ። እንደዚያ ነው የሆነው።

ገነት ጋራዡን ካየች በኋላ የሥራ ጓደኞችሽን ጠራኋቸውና ዘንጎችሽን አከፋፈልኳቸው። ደንዳናዋን ለማርታ ሰጠኋት። ያቺን የመጨረሻዋን ግን ማንም እንዲነካት አልፈቀድኩም። ዘንጓን ብዬ አይደለም፤ ቋጠሮዋን ብዬ ነው። ክሩን ከመንጠቆው ጋር ስታስሪ ከመሳብሽ በፊት አፍሽ ውስጥ ከተሽ በምራቅሽ ታርሽዋለሽ፤ ደረቁን ከሳቡት ክሩ ይቃጠላል ትያለሽ። ልብስሽ ታጥቧል፣ ትራስሽ ታጥቧል። በአፍሽ አርሰሽ፣ በጣትሽ ስበሽ ያጠበቅሽው አንድ ነገር ጋራዡ ውስጥ ተሰቅሎ ቀርቷል። ከሥራ ስገባ አየዋለሁ። ዓመቱን ያለፍኩት እሱን እያየሁ ነው።

ሙት ዓመትሽ ሲደርስ ማርታ ሐይቁ ዳር እንሂድና በዚያች ባስቀረሃት ዘንግ አንተ ወርውር አለችኝ። እሺ አልኩ። ክሩን እንቀይረው ስትለኝ ግን እንቢ አልኩ። ሳልደብቅ ምክንያቱን ነገርኳት። ማርታን ታውቂያታለሽ፣ የምትለውን ታለሳልሳለች እንጂ አትተወውም። «ጋሽ ታዴ፣ የቴክሳስን የሰመር ሙቀት ጋራዥ ውስጥ የከረመ ክር እኮ ክር አይደለም። ማለቴ፣ ዓሣው ይበጥሰዋል፤ መንጠቆውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ይሄዳል» አለችኝ። ያን ቀን እንቢታዬን አልለቀቅኩም። ማታ ግን አንዴ ክር ተበጥሶብሽ ዓሣው መንጠቆሽን ይዞ የጠፋ ዕለት ትዝ አለኝ፤ ያን ማታ እራት ሳትበይ ነው የተኛሽው። አንቺ ራስሽ ቋጠሮ የምታምኚ ሴት አልነበርሽም። አንድ ዓሣ በያዝሽ ቁጥር ክሩን በጣትሽ ትዳብሽና ሻከር ካለሽ ቆርጠሽ እንደገና ታስሪያለሽ። እኔ ግን ዓመት ሙሉ አንዱን ሙጭጭ አልኩ። ብቆርጠውስ ምን ይቀረኛል? ጥያቄዬ እሱ ብቻ ነበር።

ትናንት ጠዋት ነፋሱ ቀዝቃዛ ነበር። ዘንጉን ከተሰቀለበት አውርጄ ዞር ስል ከበሩ ጀርባ ያለ ምስማር ላይ ያ ከአሮጌ ዕቃ ሽያጭ የገዛሽው፣ ለዓሣ ስትወጪ የምትለብሽው ባለብዙ ኪስ የወንድ ሰደርያ ተንጠልጥሏል፤ ገነትም አላየችው፣ እኔም ረስቼዋለሁ። ለበስኩት፤ ልኬ ነው። ሐይቁ ዳር ደርሰን ማርታ አዲሱን ክር ከመኪናዋ ልታመጣ ስትሄድ ቋጠሮሽን በአውራ ጣቴ ዳበስኩት። ትንሽ ነው የሺዬ፣ የጤፍ ቅንጣት አያህልም የሚባለው ዓይነት። በጥፍር መቁረጫ ቆረጥኩት። ድምፅ እንኳ የለውም። ከመንጠቆው ዓይን አወጣሁና መሬት እንዳይወድቅብኝ ጨብጬ እጄን ወደ ደረት ኪሴ ሰደድኩ።

ኪሱ ውስጥ ጣቴን የሚወጋጋ ነገር አገኘሁ። ጎትቼ አወጣሁት። ቁርጥራጭ ክር ነው፤ መዳፍ ሙሉ። ቀጭን አለ፣ ወፍራም አለ፣ ያ በግ የሚያስረው ሳይቀር አለ፤ በየጫፋቸው አንዳንድ ቋጠሮ። ማርታ መጥታ አየችና «ኦ፣ እሷ መቼ መሬት ትጥላለች? የወፍ እግር ላይ ይጠመጠማል ብላ ሁሉንም ኪሷ ነው የምትከተው» አለችኝ። እኔ ወንበሬ ላይ አጎንብሼ ስፈታ አላየሁሽም ማለት ነው። በጭብጤ የነበረችውም መዳፌ ላይ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቀለች። ልለያት ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ዓመት ሙሉ በዓይኔ የጠበቅኋት የመጨረሻዋ የትኛዋ እንደሆነች አሁን አላውቅም። ሳቄ መጣ፤ ከሳቄ ኋላ እንባዬ መጣ፤ ማርታ ፊቷን ወደ ውሃው አዞረችልኝ።

ከዚያ ማሰር አስተማረችኝ። ስፈታ እንጂ ስቋጥር ኖሬ ስለማላውቅ የመጀመሪያው ተንሸራቶ ወለቀ። ሁለተኛውን ከመሳቤ በፊት አፌ ውስጥ ከትቼ አራስኩት፤ ጨው ጨው ይላል። እሱ ያዘ። ቀስ እያልኩ ስጎትት ከረፋዱ ላይ አንድ ባስ ነካኝ፤ ትልቅ አይደለም፣ ያንቺ ዓይነት አይደለም፣ ግን ዘንጉ እጄ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ያ ሁሉ ቅዳሜ ለምን እንዳስጮኸሽ ገባኝ። ከንፈሩን ይዤ ትንሽ አየሁት። ልጠብሰው አስቤም ነበር፤ ልዋሽሽ አልችልም። ለቀቅኩት። ክሩን ስዳብሰው ሻከር አለኝ፤ ቆርጬ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተትኩት።

ለገነት ሰደርያው አይሰጥም ብያታለሁ። አልረሳሽም የሺዬ። በእግሬ መቆም እስከቻልኩ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ እወርዳለሁ፤ የቆረጥኩትን ሁሉ እዚያው ኪስ እጨምራለሁ፤ ያንቺና የእኔ እስከማይለይ ድረስ።

ታዴ