በልጄ ስም የፈረምኩት ወረቀት እንዲሰረዝ

ለወጣቶች የሙያ ልምምድ ምዝገባ ቢሮ ኃላፊ
ቀን፦ 12/09

ጉዳዩ፦ በሐሰት የቀረበ ማመልከቻ ተሰርዞ ልጄ በተለማማጅነት እንድትመዘገብ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ባሌ የሞተብኝ፣ በልብስ ስፌት የምተዳደር እናት ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ልጄ የቤት ሥራዋን ስትሠራ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነው።

2. ልጄ ከሦስት ዓመት በፊት ትምህርቷን ጨርሳ፣ ሌላ ከተማ በሚገኝ ቶርኖ ቤት ብረት መቅረጽ እንድትለማመድ ቢሮዎ መርጧት ነበር። ደብዳቤው ቤት ሲመጣ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። አባቷ ከሞተ ገና አራት ወሩ ነበር፤ ብቻዬን መቅረት ፈራሁ። «ዕድሉን በፈቃዴ ትቻለሁ» ብዬ በእሷ ስም ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ራሴ አምጥቼ አስገባሁ። በሕይወቴ የጻፍኩት የመጀመሪያው ሙሉ ደብዳቤ እሱ ነው። ለእሷ «አልደረሰሽም አሉ» አልኳት።

3. እንደተመኘሁት ከጎኔ ቀረች። ጠዋት መነሳት ተወች፤ እኔ ስሰፋ እሷ ግድግዳ ስታይ ትውላለች። አብራት የተማረችው የጎረቤት ልጅ በዚያው ዙር ገብታ ዛሬ የራሷ ማሽን ላይ ትሠራለች። በደጃችን ስታልፍ ልጄ መጋረጃውን ትስባለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ሁለታችንም በአንዲት ክፍል ታስረን ኖርን፤ ቁልፉ የት እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

4. ባለፈው ወር ለልክ ስለሚጠነቀቁ ሰው ሁሉ «ሚሊሜትር» የሚላቸው የሰፈራችን ቶርኖ ሠሪ «እስኪ ትሞክር» ብለው አስገቧት። በሁለተኛው ሳምንት የመቁረጫውን መደነዝ ከድምፁ ለየች። «እኔ ይህን ለመስማት አራት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ይቺ ልጅ ልታሳፍረኝ ነው!» አሉ። ቤት ስትገባ እጇን ሳትታጠብ ስለ ብረት ታወራልኝ ጀመር። ከትምህርት የወጣ ወጣት ከባለሙያ ጎን ሲቆም ምን እንደሚያገኝ ሲወራ ሰምቼ ነበር፤ በቤቴ ያየሁት ግን ይበልጣል። ጠዋት የሚነሳበት ምክንያት ያገኛል፤ ሲሳሳት የሚያርመው ሰው ያገኛል።

5. ይሁን እንጂ ቶርኖ ሠሪው ከሙከራ አልፈው ያልተመዘገበ ሰው ማሽን ላይ ማቆም አይፈቀድላቸውም። ልትመዘገብ ስትመጣ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ «አንቺው ራስሽ ትተሻል፣ እህቴ፤ ሁለተኛ ዕድል የለም» ብሎ ወረቀቱን አሳያት። ቤት ገብታ «እማዬ፣ ጽሑፍሽን የማላውቀው መሰለሽ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም።

6. ስለዚህ ምዝገባው ዓርብ ከመዘጋቱ በፊት ያ ወረቀት ተሰርዞ እንድትመዘገብልኝ በትሕትና እለምናለሁ። በሐሰት በመፈረሜ የሚመጣው ቅጣት በእኔ ላይ ይሁን። የምትመደበው ሩቅ ከተማ ቢሆንም አልቃወምም።

ይህን አቤቱታ ዛሬ ጠዋት አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዳ ከታች ፈረመች። በፋይሏ ካለው ፊርማ ጋር እንዲያስተያዩልኝ እለምናለሁ። የልጄ ይህኛው ነው።

ከሰላምታና ከይቅርታ ጋር

(ፊርማ) አመልካች እናት
(ፊርማ) ልጅ