ዩራኒየምን በባክቴሪያ ከውሃ የለዩት ዶክተር ትርሲት ዋሴ

ዶክተር ትርሲት ዋሴ ከአባታቸው ከድጓ መምህሩ ከመሪጌታ ዋሴ ማቴዎስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አዛለች ኪዳን በጥር ወር 1966 ዓ.ም. በጋይንት ቤተ ልሔም ተወለዱ። ፊደል ከአባታቸው ቆጥረው፣ ሁለተኛ ደረጃን ነፋስ መውጫ ጨርሰው፣ በ1988 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ተመረቁ። በእስቴ መካነ ኢየሱስ ከተማ ተመድበው ሲያስተምሩ ባልደረባቸውን መምህር ፍሥሐ መልካሙን በ1991 ዓ.ም. በተክሊል አግብተው ጽዮንንና ዳንኤልን አፈሩ።

በ1999 ዓ.ም. ለዶክትሬት ትምህርት ወደ ጀርመን ሄዱ። በዚያ ከተዘጋ ማዕድን ማውጫ እየሰረገ የሚወጣ ዩራኒየም የአንዲትን መንደር የጉድጓድ ውሃ በክሎ ነበር። በጭቃ ውስጥ የሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች እኛ በኦክስጅን እንደምንተነፍስ እነሱ በብረት ይተነፍሳሉ። ለብረቱ እንደሚሰጡት ለዩራኒየምም ኤሌክትሮን ሲሰጡት፣ በውሃ የሚሟሟው ወደማይሟሟ ተለውጦ ይዘቅጣል። ዶክተር ትርሲት ይህን በጠርሙስ ሊያሳዩ ቢሞክሩም ሁለት ዓመት ሙሉ አልሆነላቸውም። አማካሪያቸው ርእስ እንዲቀይሩ መከሯቸው። እሳቸው ግን በክዳኑ በኩል አየር እየገባ ለውጡን እንደሚያግድ ደርሰውበት ሁሉንም እንደገና አሸጉ። በ2001 ዓ.ም. በትንሣኤ ሰሞን አንድ ጠዋት በዩራኒየሙ ቢጫ የነበረው የጠርሙሱ ውሃ ጠርቶ፣ ከሥሩ ጥቁር ዝቃጭ ተኝቶ አገኙት። ወዲያው መካነ ኢየሱስ ወደቀሩት ባለቤታቸው ደወሉ።

«ፍሥሐ፣ ጠራልኝ!»

«ምኑ? ሰማዩ?»

«ኧረ ውሃው! ባክቴሪያዎቼ ዩራኒየሙን አወረዱት!»

መምህር ፍሥሐ ስልኩን ሳይዘጉ ክፍል ገብተው ለተማሪዎቻቸው አወጁ፤ ተማሪዎቹም ምኑ እንደሆነ ሳይገባቸው አጨበጨቡ።

ሥራው ወደ ማዕድኑ ቦታ ወጣ። በመሬት ውስጥ ላሉት ባክቴሪያዎች ምግብ ሲሰጣቸው በጉድጓዱ ውሃ የነበረው ዩራኒየም ወረደ። የመንደሩ ኃላፊዎች በብክለቱ ተዘግቶ የቆየውን ጉድጓድ ለመክፈት ቸኮሉ። ዶክተር ትርሲት ግን በስብሰባው ተነሥተው፣ «ተያዘ እንጂ አልጠፋም፤ ጨረሩም አለ። ኦክስጅን ካገኘው ተመልሶ ይሟሟል» ብለው አስቆሙ። እንዳሉትም በረዶው ሲቀልጥ አየር ያዘለ ውሃ ሰርጎ ዩራኒየሙ እንደገና ጨመረ። ጉድጓዱ ዝግ ስለነበር የጠጣ ሰው አልነበረም። ዶክተር ትርሲት ባክቴሪያዎቹን ዳግም መግበው፣ ክትትሉ ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ሥርዓት ተክለው በ2004 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ።

በዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ፣ በ2012 ዓ.ም. ከእስቴ ረግረግ ያስመጡት ጭቃ በቤተ ሙከራ ያንኑ ለውጥ አደረገ። «የእኛም ጭቃ ያውቅበታል!» እያሉ በኮሪደሩ ሲሮጡ ያዩዋቸው ተማሪዎች አብረው ሮጡ። ከነዚያ አንዷ የሆነችው አመተ ማርያም ዛሬ ጥናቱን ትመራለች።

ዶክተር ትርሲት ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ51 ዓመታቸው አርፈዋል። እናታቸው፣ ባለቤታቸው፣ ሁለቱ ልጆቻቸውና ይህን የጻፍኩት ወንድማቸው ቴዎድሮስ በሐዘን ቀርተናል።

በዓይን የማይታየውን ፍጥረቱን ያሳያቸው አምላክ፣ አሁን ደግሞ ፊቱን ያሳያቸው፤ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፣ እናታችንንም ያጽናልን። አሜን።