ዶሮዎቻችን ሳይቀሩ ያነባሉ

ካዳቩ፣ ፊጂ
ሐሙስ ማርች 14 ቀን 2019

የሆዴ ልጅ ቪኒያና፣

እንደምን አለሽልኝ? የብሪዝበን ትምህርትስ እንዴት ይዞሻል? እኛ በሕይወት አለን፤ ደኅና ነን ብዬ ግን አልዋሽሽም። ጀልባዋ ቀትር ላይ ስለምትነሣ ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ።

አንቺ ከመንደራችን ጋር ያገናኘሻቸው የዩኒቨርሲቲሽ አጥኚዎች መልሳቸው ትናንት ደረሰ። የመንደራችሁ ልጆች በንባብ ችግር የለባቸውም፤ ስለዚህ አዲሱ የማስተማር ሙከራም ሁለቱ መምህራንም ወደ ሌላ ደሴት ይሄዳሉ ይላል። ወንዶቹ ለመምህራኑ ቤት የቆረጡት እንጨት ሜዳ ላይ ተከምሮ ቀርቷል። ምን ይዋጠን ልጄ?

ጥፋቱ የእኛ ነው። የመጡ ዕለት የእንግዳ መቀበያው መጠጥ ያንጎናው ተበጥብጦ፣ ጽዋው ዞሮ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥን። ሹማችን አፒሳይ አስቀድሞ፣ "እንግዳ ፊት ገመና የሚያወጣ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው!" ብሎናል። አጥኚዋ ልጅ ወረቀቷን ይዛ፣ "እናቶች፣ ልጆቻችሁ ያነባሉ?" አለች።

"በደንብ!" አልን ባንድ አፍ።

የወንድሜ ሚስት ቶሪካ ደግሞ እንደ ልማዷ፣ "ልጆቹማ ምን አላቸው፣ ዶሮዎቻችን ሳይቀሩ ያነባሉ!" ብላ አሳቀችን። እንግዳዋም እየሳቀች ጻፈች። ከሩቅ መጥቶ ምንጣፍሽ ላይ የተቀመጠን ሰው እንዴት "ቸግሮናል" ብለሽ ታሳቅቂዋለሽ?

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ዛሬ ጠዋት አፒሳይን "እባክህ እውነቱን ጻፍላቸው" ብዬ ብለምነው፣ "ሜሬዋይ፣ ዋሽተን ነበር ብዬ መንደሩን ላዋርድ?" ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። የቀረሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። እግራቸው ላይ ውደቂ። እናቴ ዋሽታለች በያቸው፤ ስሜንም ጻፊው።

ማስረጃ ካሉሽ፣ ከልጅሽ ከኬሌራ በየወሩ የሚመጡልሽን ደብዳቤዎች አሳዪያቸው። "የልጄ እጅ ጽሑፍ አኮራኝ" ብለሽ የጻፍሽልኝን። ሦስቱንም ዓመት በግራ እጄ የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። በስደት ላይ ሐዘን እንዳይጨመርብሽ ብዬ ነው። ልጅሽ ዐሥር ዓመት ሞላት፤ ስሟን እንኳ አታነብም። ማሪኝ፣ ካልሆነልሽም ተቆጪኝ፤ ግን ቶሎ ድረሽልን።

የባሕሩም የየብሱም ጌታ ወጥተሽ እስክትገቢ ይጠብቅሽ፤ አንደበትሽን ያለምልመው።

እናትሽ ሜሬዋይ

ከስሜ በታች ያለው ጭረት የኬሌራ ነው። ዛሬ ብዕሩን ለራሷ ሰጠኋት። "እማዬ" ይላል አለችኝ።