ያልተቆጠሩት አራት

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም። ዛሬ ቴሜስካል ሰፈር፣ ከአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ማኅበራችንን መሠረትን። እንደ ወንድሜ እንደ ያሬድ ጡንቻቸው እየደከመ ለሚሄድ ሰዎች ነው። ስብሰባውን የመሩት ጋሽ ግርማ፣ "አንቺ ዝምተኛዋ፣ ነይ ድምፅ ቁጠሪ፤ ቃለ ጉባኤውንም ያዢ" አሉኝ። እምቢ ለማለት አፈርኩ።

ለሊቀመንበርነት ያሬድና የአንዱ ታማሚ እናት እትዬ አልማዝ ተጠቆሙ። ያሬድ ይህን ቀን ስንት ወር ጠብቋል። ጋሽ ግርማ "የምትደግፉ እጅ አውጡ!" አሉ። ቆጠርኩ። እትዬ አልማዝ ዘጠኝ፣ ያሬድ ሰባት። ተጨበጨበ።

ሳን ፓብሎ ወዳለው ቤታችን ልንደርስ ስንል ያሬድ መኪና ውስጥ ጠየቀኝ።

"ዊልቸር ላይ የነበርነው ስንት ነን?"

"አራት።"

"የስንታችን እጅ ወጣ?"

ፍጥነት ቀንሼ በመስታወቱ አየሁት።

"እኔ እኮ ጣቴን አንስቼልሽ ነበር" ብሎ ሳቀ።

ጠዋት ጠዋት ክንዱን ደግፌ ሸሚዝ የማለብሰው እኔ ነኝ። ክፍሉ ሙሉ እናትና አባት ነበር። እጃቸው እንደማይነሳ ለአንዳችንም ትዝ አላለንም።

አሁን ጋሽ ግርማ ቴክስት አደረጉልኝ። "ቃለ ጉባኤውን ላኪልኝ፣ የኔ ልጅ።" ለትልቅ ሰው "ተሳስተዋል" ብዬ አላውቅም። ደግሞ የቆጠርኩት እኔ ነኝ።

ከዘጠኝና ከሰባት ሥር "አራት ሰው አልተቆጠረም" ብዬ ጻፍኩ። ገና አልላክሁትም።