እታለም፣ የኤድዋርድ ትርጉም ተገኘ

እታለም ሆዴ፣

ከተለየሽን ይኸው ዓመት ሊሞላ ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም እንደ ባለቤቱ ሰንፏል። እዚህ ሰው አገር፣ ሬክስዴል ሰፈር ያለው ቤትሽ እንዳለ ነው። በረንዳው ላይ ጎመን የዘራሽበት ባልዲ ግን በረዶ ሞልቶበት ከረመ። ላንሳው ብለው ልጅሽ ብሩክ እምቢ አለኝ። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር “ይኸው፣ የሰው ዘመድ መጣ” የሚል ስለጠፋ፣ አሁን ጩኸቱ ብቻ ቀርቷል።

የምጽፍልሽ ስለ ልጅ ልጅሽ ነው። ብሩክ ልጁን ኤድዋርድ ሲለው አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሽ፤ ትርጉሙ ምንድን ነው? እሱም በቃ ስም ነው፣ አስተማሪዎቹ ለመጥራት እንዳይቸገሩ ነው አለሽ። ከዚያ ወዲያ ልጁን ማሙሽ እንጂ በስሙ ጠርተሽው አታውቂም። ሁላችንም ኩርፊያ መሰለን። እኔማ የእንግሊዝ ነገሥታት ስም ነው ብዬ አንቺን ላበሽቅ፣ ልጁን ባየሁ ቁጥር “ግርማዊነትዎ” እያልኩ እጅ እነሳው ነበር። ሳትወጂ ትስቂ ነበር።

ከቀብርሽ ስንመለስ ብሩክ መኪና ውስጥ አለቀሰ። እማዬ ልጄን ሳትመርቀው ሄደች አለኝ። የገባኝ ያኔ ነው። ልጅ ስትመርቂ እጅሽን ራሱ ላይ ጭነሽ “እንደ ስምህ ያድርግህ” ነበር የምትዪው። እኔንም ደስታ ስለተባልኩ እንዲያ ብለሽ መርቀሽኝ፣ ይኸው ቀልዱ አልለቀቀኝም። ታዲያ ትርጉሙን በማታውቂው ስም እግዜርን ምን ብለሽ ትለምኚ? ጥያቄሽ የምር ጥያቄ ነበር። ስልኩ በየኪሳችን ነበር፤ ሰርች ያደረገ ግን አንድ ሰው አልነበረም።

ላይብረሪ ሄጄ ፈለግሁ። የጥንት እንግሊዞች ስም ነው፤ ከሁለት ቃል የተገጠመ። ፊተኛው ሀብት ማለት ነው፣ ኋለኛው ጠባቂ። እታለም፣ ዘበኛ ማለት እኮ ነው! የአባታችን የአባባ ሥራ! ያንን ሁሉ ንጉሥ በአባባ ሥራ ሲጠሩት ኖረዋል። ያ ሰፊ ካፖርት፣ የቡናው መጋዘን በር፣ አንቺ እራታቸውን ይዘሽ ስትሄጂ እኔ ከኋላሽ ከሳህኑ ድንች ስሰርቅ ... ልጁ አባባን ይምሰልልኝ ስትዪ አልነበር? የሥራቸውን ስም ተሸክሞ ጉልበትሽ ላይ ተቀምጦ ነበር እኮ። ይህን ብትሰሚ ሕንፃው እስኪሰማ ኤድዋርድ እያልሽ ትጠሪው ነበር። ሳትሰሚ መሄድሽ ከሆዴ አይወጣም።

ባለፈው እሁድ ብሩክ ባለበት ልጁን አቆምኩት። ያንቺ አፍ የለኝም። ብቻ እጄን ራሱ ላይ ጭኜ፣ ኤድዋርድ፣ እንደ ስምህ ያድርግህ፣ እንደ አባባ ታማኝ ያድርግህ ብዬ ባንቺ ፈንታ መረቅሁት። ብሩክ ወደ በረንዳው ፊቱን አዞረ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና “ኦኬ” አለኝ።

አሜን ማለት ገና አላስተማርነውም። በየልደቱ እያቆምኩ አስተምረዋለሁ፤ ምርቃቱ የማን እንደሆነም ጭምር።

ታናሽሽ ደስታ